በቀዝቃዛ ጠዋት የተሞላ ጥይት

መጋቢት ነበር። ቆላው ዝናብ ካየ የሰነበተበት፣ ሣሩ ነጭቶ ስትረግጡት የሚሰባበርበት ጊዜ። ሦስት ነበርን። አንዱ እኔ። ሁለተኛው ዶክተር ሰይፉ፣ የልጅነት ጓደኛዬ፤ ካዛንቺስ ሳይፈርስ በፊት እዚያው አንድ ፎቅ ላይ የጥርስ ክሊኒክ የነበረው። ሦስተኛው ኢብራሂም የሚባል የአፋር ሰው ነው፣ ዱካ ተከታያችን። እኔ ባዶ አሸዋ በማይበት ቦታ እሱ ቁጢጥ ብሎ በጣቱ ነካ ነካ ያደርግና አውሬው ጠዋት እንዳለፈ፣ የኋላ እግሩንም እንደሚያመው ይነግረኝ ነበር።

እናንተ ነገ አዳኝ እየመራችሁ የምትወጡ ልጆች ስለሆናችሁ ነው ይሄን የማወራችሁ። ታሪኩ ቆላ ላይ ነው የሚያልቀው እንጂ የሚጀምረው እዚሁ ነው፣ ቂርቆስ ውስጥ፣ ከሰይፉ የጥርስ ወንበር ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል። ስለዚህ አውሬው የታለ ብላችሁ እንዳትቸኩሉብኝ። ይመጣል።

ሰይፉ ጥይት የሚገዛ ሰው አልነበረም፤ ራሱ ነው የሚሞላው። ለዚህ ፈቃድ ለማውጣት ስንት ቢሮ እንደተመላለሰ እኔ ነኝ የማውቀው፤ አብሬው ተሰልፌያለሁ። ለማታውቁት፣ የጥይት ቀለህ አንዴ ተተኩሶ አይጣልም። ይታጠባል፣ ቅርጹ ይስተካከላል፣ ቂጡ ላይ ያለችው ማቀጣጠያ ትቀየራለች፣ አዲስ ባሩድ ይሞላበታል፣ አፉ ላይ አዲስ አረር ይገጠምለታል። በቃ፣ እንደገና ጥይት ሆነ። ፋብሪካ የሚሞላው ለሁሉም ጠመንጃ እንዲሆን ተብሎ ነው። ራስህ የሞላኸው ግን ለአንድ ጠመንጃ ነው፣ በልክህ እንደተሰፋ ኮት። ከሩቅ ለሚተኩስ ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው። መቶ ሜትር ላይ የማትታወቅ የባሩድ ልዩነት አምስት መቶ ሜትር ላይ ሳንባና ሆድን ትለያለች።

ከሩቅ መተኮስ ለምን አስፈለገ ብትሉ፣ ሳላ ነበር የምንፈልገው፣ ያ ቀንዱ ረጅም የቆላ አውሬ። ሳላ የሚውለው ሜዳ ላይ ነው። ያ ሜዳ ደግሞ እንደ ጠረጴዛ ባዶ ነው፤ ሰው ገና በሩቅ ብቅ ሲል ያየዋል። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በእንብርክካችን ሄደን፣ ጉልበታችን ተልጦ፣ አንድም ቀን ሳንቀርበው ተመልሰናል። ሰይፉ በዚያ ተናዶ ክረምቱን ሙሉ ስለ ጥይት ሲያነብ ከረመ።

ታኅሣሥ ላይ መሙላት ጀመርን። ጠዋት በሽተኛ ሳይመጣ። ክፍሏ ሰሜን ትይዩ ስለሆነች ፀሐይ አይገባትም፤ ትንፋሻችን ይታያል። ሰይፉ ነጭ ጋዋኑን ከሹራቡ በላይ ደርቦ፣ ጣቶቹን እፍ እፍ እያለ ያሞቅና ከሚዛኑ ፊት ይቀመጣል። ሚዛኑ ቀልድ አያውቅም፤ መስኮት ከተከፈተ በነፋስ ብቻ ቁጥሩ ይዘላል። ባሩዱን በትንሽ ማንኪያ ቆንጥሮ ይጨምራል፣ ይመለከታል፣ አንዲት ፍሬ ያነሳል። እኔ ቀለህ አጥባለሁ። ጥርስ የሚሞላባቸው እጆች መሆናቸው ያስታውቅ ነበር። አይንቀጠቀጡም፣ አይቸኩሉም።

ከዚያ ሙከራው መጣ። አረሩ አጥንት ሲያገኝ ይበታተናል ወይስ ይገባል የሚለውን ማወቅ ነበረብን። ሰይፉ ቄራ ከሚያውቃቸው ሰዎች የበሬ የትከሻ አጥንት አመጣ፤ እኔ ደግሞ ኡራኤል አካባቢ ካሉ ሱቆች አሮጌ ጋዜጣ ሰበሰብኩ። ጋዜጣው ውሃ ውስጥ አድሮ ሲረጥብ እንደ ሥጋ ይሆናል፤ አጥንቱ ከፊቱ ይደረጋል። ይህን ሁሉ በሰይፉ አሮጌ መኪና ጭነን ስንሄድ ኡራኤል መብራቱ ጋ ትራፊክ አስቆመን። ኮፈኑን ሊያይ የመሰለን ሰውዬ የኋላውን አስከፈተን።

«ምንድነው ይሄ?» አለ።

«አጥንት ነው» አለ ሰይፉ።

«የምን አጥንት?»

«የበሬ። ለምርመራ ነው።»

ሰይፉ ጋዋኑን አላወለቀም ነበር። ትራፊኩ እሱንም አጥንቱንም ደጋግሞ አየና «ሂዱ በቃ» ብሎ ለቀቀን። ኮተቤን እስክናልፍ ሳቅን።

ከከተማው ወጣ ብሎ ሥራ ያቆመ የድንጋይ ካባ አለ። አስፈቅደን እዚያ ነበር የምንተኩሰው። ጉሙ ገና ከገደሉ ስር ሳይነሳ እንደርሳለን፤ ብርዱ ጣቴን አደንዝዞት ቃታው መሆኑ እስኪጠፋኝ። ሰይፉ የጥይቱን ፍጥነት የምትለካ ትንሽ መሣሪያ ከአፈሙዙ ጎን ያስቀምጣል። በጥቂቱ ጀመረ። ሲተኩስ ቀለሁን አውጥቶ በጥርስ ማያ አጉሊ መነጽሩ ያገላብጠዋል። ባሩድ ሲበዛ ቀለሁ ላይ ምልክት ይታያል፤ ማቀጣጠያዋ ትጨፈለቃለች፣ ቂጡ ላይ የሚያብረቀርቅ ጭረት ይወጣል። ምልክቱ ሊታይ ሲጀምር ሰይፉ አቆመና ከዚያ ቀነስ አደረገ። ሦስት ጥይት ተኩሶ ሦስቱንም በአንድ ሳንቲም መሸፈን ቻልን። አረሩ አጥንቱን በስቶ ጋዜጣው ውስጥ እንደ እንጉዳይ ተከፍቶ ተገኘ። ጥንቃቄ ጎድሎት ነበር የሚለኝ ሰው ካለ አልስማማም። እኔ ከሱ የበለጠ ጥንቁቅ ሰው አላውቅም።

እንዲህ ሆነን ነው የወረድነው።

ጉዞው ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሰይፉ የጥይት ሳጥኑን ከኋላ ከዕቃው ጋር መጫን አልፈለገም፤ ኮረኮንቹ እየናጠ ያበላሸዋል ብሎ ፈራ። ስለዚህ ከፊት ክሩስኮቱ ላይ፣ ከመስታወቱ ስር፣ ፎጣ አንጥፎ አስቀመጠው። ሲነዳ አልፎ አልፎ በእጁ ደገፍ ያደርገዋል። አዋሽን ስናልፍ መኪናው ውስጥ መቀመጥ አልተቻለም፤ መሪው ራሱ እጅ ያቃጥል ነበር። ሳጥኑ እዚያው ነው። የእኔ ጠመንጃ ያንኑ ዓይነት ጥይት ነው የሚጎርሰው፤ የፋብሪካ ጥይት በዚያን ጊዜ ጠፍቶ ስለነበር እኔም ከሰይፉ ሳጥን ነበር የምወስደው።

ኢብራሂም ከመንደሩ ወጥቶ መንገድ ላይ ጠበቀን። እሱ ሰው አንቱ አይልም፤ ሚኒስትር ቢመጣም አንተ ነው የሚለው። «ሳላው አለ» አለ ገና ሰላም ሳይለን። «ወንድ ነው፣ ብቻውን ነው። ቀትር ላይ ከጉብታው ማዶ ይቆማል።»

በማግስቱ ቀትር ላይ ጉብታው ላይ ተኝተናል። ድንጋዩ በሸሚዝ ያቃጥላል። ሜዳው ከሙቀቱ የተነሳ እንደ ውሃ ይርገበገባል፤ ሳላው አንዴ ተቆርጦ አየር ላይ የተንሳፈፈ ይመስላል፣ አንዴ ደግሞ እግሩ ይረዝማል። በአቅራቢ መነጽር ሳየው ግን ቀንዶቹ ጠርተው ይታዩኛል፤ ቀጥ ያሉ፣ ሹል፣ እንደ ሁለት ጦር። ርቀቱን ለካሁት። ከአምስት መቶ ሜትር ትንሽ ያልፋል።

«አየሩ እዚህ ወፍራም ነው» አለ ሰይፉ በሹክሹክታ። «ጥይቱን ይጎትትብኛል። ትንሽ ከፍ ላድርግ።» የጠመንጃውን መነጽር ቁልፍ ዞር ዞር አደረገ። ልክ ነበር፤ ከአዲስ አበባ ከፍታ ስትወርድ አየሩ ይከብዳል። ያሰበው ስለ አየሩ ነው። ስለ ባሩዱ ሙቀት ያሰበ ሰው በመካከላችን አልነበረም።

ተኮሰ። ድምፁ ካባው ላይ ከለመድነው ጋር አልገጠመልኝም፤ ሰላ ያለ ነበር። ሳላው ባለበት ዱብ አለ። «ወደቀ» አልኩ፤ ቃሉ ከአፌ ሳይወጣ ተነሳ። ጥይቱ ከፍ ብሎ የጀርባ አጥንቱን ጫፍ ነክቶት ነው። እንደዚያ ሲመታ ድንዝዝ ብሎ ይወድቅና ይነሳል፤ ይሄን ያየ አዳኝ ልቡ ይወርዳል።

«ድገመው» አልኩት።

ዞር ስል ሰይፉ መቀባበያውን፣ ማለቴ ቀለህ የሚያወጣውንና ጥይት የሚያጎርሰውን ብረት፣ በመዳፉ እየመታው ነው። አልነቃነቅ ብሏል። እኔ ጠመንጃዬን ከድንጋዩ ጥላ ስር እስካነሳ ሳላው እየተንገዳገደ ከሜዳው ጫፍ ያለው የግራር ጥሻ ውስጥ ገባ።

ጉብታው ጀርባ ጥላ ስር ወርደን መቀባበያውን በእንጨት እየመታን ከፈትነው። ቀለሁ ሲወጣ ሰይፉ ለማየት አጉሊ መነጽር አላስፈለገውም። ማቀጣጠያዋ ተጠፍጥፋ ከቀለሁ ጋር እኩል ሆናለች፤ ቂጡ ተፍቋል። ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ ላይ የዋለውን ሳጥን ከፈትኩና አንዱን ጥይት በጣቴ ያዝኩ። ከእሳት ዳር እንደተነሳ ትንሽ ድንጋይ ይሞቃል።

ሰይፉ ፊቱ ተለወጠ። «ጌቾ፣ በብርድ ነው የሞላነው» አለኝ። «በብርድ ሞክረን፣ በብርድ ልኩን ያዝን። ባሩዱ ሲሞቅ ይበረታል። ግፊቱ ከልክ አልፏል።»

«ሌላውስ ጥይት?»

«ያው ነው። ብንተኩስ እንደገና ይጣበቃል። መጣበቁ ደግሞ ቀላሉ ነው፤ ፊታችን ላይ ሊፈነዳም ይችላል።»

ይሄኔ ሌላ ቀን ቢሆን እንመለሳለን። ግን የቆሰለ አውሬ ጥሎ መሄድ የለም፤ ይሄን ለእናንተ አልነግራችሁም፣ ታውቁታላችሁ። ሌላም ነገር ነበር። ኢብራሂም ጥሻውን በዱላው አመለከተ።

«በዚህ ውስጥ ያለችው መንገድ የውሃ መንገድ ናት» አለ። «ፀሐይ ዘንበል ስትል ሴቶቹ ግመል ይዘው ይወርዳሉ። ልጆችም አሉ።»

«መንገር አንችልም?» አለ ሰይፉ።

«ከየት እንደሚመጡ አላውቅም። ከሁሉም በኩል ነው የሚመጡት።»

የፀሐይዋን ቦታ ሁላችንም አየን። የፋብሪካ ጥይት የለንም፣ ሰፈራችን ሩቅ ነው፣ ያለን ሁለት ጠመንጃና የጋለ ጥይት ነው። ከጀሪካኑ ውሃ ቀድቼ ነጠላዬን አረጠብኩ፤ ጥይቶቹን ጠቅልዬ ነፋስ የሚያገኛቸው ቅርንጫፍ ላይ አንጠለጠልኳቸው። ጠመንጃዎቹንም በእርጥብ ጨርቅ ሸፈንናቸው። የሰይፉ ጠመንጃ ተኩሶ ስለነበር፣ ቀትሩንም ሙሉ ፀሐይ ላይ ስለዋለ፣ ጨርቁ ወዲያው ወዲያው ይደርቅበታል። የኔ ጥላ ስር ነበር የቆየው።

ያን መጠበቅ አልረሳውም። አውሬው እዚያ ውስጥ ምን እንደሚያደርግ አናውቅም። ቢተኛ ጥሩ ነው፤ ይደክማል። ቆሞ ወደ መጣበት ዞሮ ከጠበቀ ግን ሌላ ነው። ሰይፉ አንድ ጊዜ ብቻ ተናገረ። «አንድ አንድ ጥይት ነው ያለን» አለ። «ሁለተኛ እንዳለን አናስብ።» እሺ አልኩት። ጥላው ረዘም ማለት ሲጀምር ኢብራሂም ተነሳ። ጥይቶቹ ቀዝቀዝ ብለዋል። አንድ አንድ አጎረስንና ገባን።

ኢብራሂም ከፊት ነው፤ ያለው ዱላና ወገቡ ላይ የታጠቀው ጊሌ፣ የአፋሮቹ ጩቤ፣ ብቻ ነው። ቀጥሎ እኔ። ሰይፉ ከኋላዬ ወደ ግራ ወጣ ብሎ። ግራሩ ዝቅ ያለ ነው፤ ሹሉ እሾህ ሸሚዝ ይይዛል። አንድ ቦታ ስትላቀቅ ቅርንጫፉ ተመልሶ ሌላውን ይገርፋል፤ ስለዚህ እያንዳንዱን በእጃችን ይዘን ቀስ እያልን እንለቀዋለን። ደሙ ቅጠሉ ላይ ነው፣ በዳሌ ቁመት፣ ጨለምለም ያለ። ኢብራሂም ነክቶ ያሸተውና ይቀጥላል። ዝንቦች አሉ። ወፍ የለም።

አንድ ቦታ ላይ ዱካው ከመንገዱ ወጥቶ ታጠፈ። ኢብራሂም ቁጢጥ አለ። ከዚያ እጁን ወደ ኋላ ዘርግቶ መዳፉን ከፈተ፤ ቁሙ ማለቱ ነው። ቆምን። ምን እንዳየ አላወቅኩም። እስካሁንም አላውቅም፤ ምን አየህ ብዬ ስጠይቀው «አላየሁም፣ ደሙ እዚያ ጋ ብዙ ነበረ» ነው ያለኝ። ማለት አውሬው እዚያ ቆሞ ነበር። ቆሞ እኛን ሲያዳምጥ።

ትንፋሽ ሰማሁ። ከባድ፣ በአፍንጫ የሚወጣ። ከፊት አልነበረም። ከግራ፣ ከሰይፉ በኩል ነው።

ስዞር ግራሩ ስር ሁለት ደረቅ እንጨት አየሁ። ቀጥ ያሉ፣ ጎን ለጎን የቆሙ። ዓይኔ እንጨት ናቸው ብሎ አለፋቸው፤ ከዚያ ተመለሰ። ከስራቸው ጥቁርና ነጭ ያለው ፊቱ ከጥላው ጋር ተመሳስሎ፣ ጭንቅላቱን ወደ መሬት እየደፋ ነው። ሳላ ጭንቅላቱን ሲደፋ ቀንዱ ወደ ፊት ይተኛል። ያን ጊዜ ውሳኔው አልቋል ማለት ነው።

«ሰይፉ፣ ግራህን» አልኩ።

እሱም አይቶታል። ጠመንጃው ትከሻው ላይ ደርሶ ተኮሰ። በቅርብ ስለነበር ድምፁ ጆሮዬን ደፈነው። ከጠመንጃው ጎን የእሳት ጭስ ፉጭ ብሎ ሲወጣና ሰይፉ ፊቱን ሲያዞር አየሁ። ጥይቱ ደረቱ ላይ ገብቷል፤ አቧራ ከደረቱ ሲነሳ አይቻለሁ። አልቆመም። ሰይፉ እጁ ሳያስበው መቀባበያውን ያዘ፤ ሳበው፤ አልመጣም። እንደገና ሊስብ ሲል ደረሰበት።

ጠመንጃውን አግድም አድርጎ ለመመከት ሞከረ። አንደኛው ቀንድ ከብረቱ ጋር ተንሸራተተና ቀኝ መዳፉን በስቶ በጀርባው ወጣ። ሌላው ብብቱ ስር ጃኬቱን ቀዶ አለፈ። ሰይፉ ወደ ኋላ ወደቀ፤ አውሬው ላዩ ላይ ነው፣ ጭንቅላቱን እየናጠ። አንድም ጩኸት አልሰማሁም።

እኔ አንድ ጥይት ነው ያለኝ። ጓደኛዬ ከአውሬው ስር ነው። አፈሙዜ ወዴት ዞሮ ቢተኩስ ጥይቱ አልፎ እሱን ያገኘዋል፤ ካባው ላይ አጥንት አልፎ ጋዜጣ ሲከፍት ያየሁት ጥይት ነው። ወደ ጎን ልዞር ስል እሾሁ ልብሴን ያዘኝ። ጠመንጃው ራሱ ፊቴ ላይ ይፈነዳ ይሆናል የሚለው ሐሳብ መጣ፤ መጥቶ ሄደ። ከእሱ የበለጠ የከበደኝ ያቺን አንድ ጥይት በከንቱ መጨረስ ነበር።

ኢብራሂም ነው ያዳነን። በኔና በግራሩ መካከል ሾልኮ ወጥቶ አውሬውን በዱላው አፍንጫው ላይ መታው። አንዴ። ሁለተኛ ሲመታው ሳላው ጭንቅላቱን ከሰይፉ ሳያነሳ ወደ ኢብራሂም ጠምዘዝ አደረገ። አንገቱ ከጆሮው ስር ተገለጠልኝ፤ ከኋላው መሬት ብቻ ነበር። አፈሙዜ ጠጉሩን ሊነካ ትንሽ ሲቀረው ቃታውን ሳብኩ።

እግሮቹ ታጠፉና ወደቀ።

እጄ ከልማዱ መቀባበያውን ሳበው። በቀላሉ ተከፈተ። ቀለሁ ወጥቶ እግሬ ስር ወደቀ፤ ምንም ምልክት የለበትም። የቀዘቀዘ ጥይት በቀዘቀዘ ጠመንጃ ስለሆነ። የሱ ግን ጥይቱ ቢቀዘቅዝም ጠመንጃው ውስጥ እንደገና ሞቋል። ይሄ የገባኝ በኋላ ነው። በዚያ ሰዓት የማየው የሰይፉን እጅ ብቻ ነበር። መዳፉ ቀንዱ ላይ እንደተሰካ ነው።

ልስበው ጎንበስ አልኩ።

«አትንካው» አለ ሰይፉ። ድምፁ ክሊኒኩ ውስጥ የምናውቀው ድምፅ ነው፣ በሽተኛ የሚያረጋጋበት። ግንባሩ በባሩድ ጠቁሯል። «መጀመሪያ ጭንቅላቱን ያዙልኝ፤ እንዳያጋድል። ኢብራሂም፣ ቀንዱን ከስር ያዝ። እሺ። አሁን ጌቾ፣ እኔ ራሴ ነኝ የማወጣው። አንተ ክንዴን ብቻ ደግፍ። በገባበት አቅጣጫ ቀጥ ብሎ ነው የሚወጣው፤ ከተጣመመ ነርቩ ይበጠሳል።»

አወጣው። ሲጨርስ ፊቱ አመድ መስሎ አይኑን ጨፈነ። ጥይት ያቀዘቀዝኩበትን ነጠላ ቀድጄ አሰርኩለት።

ከጥሻው ስንወጣ ሁለት ሴቶች ግመሎቻቸውን እየነዱ ሲወርዱ አገኘን፤ አንዷ ሕፃን አዝላለች። ኢብራሂም በቋንቋቸው ነገራቸው። ሕፃን ያዘለችው ወደ ጥሻው አየች፣ ወደ ሰይፉ እጅ አየች፣ ግመሏን አንበረከከች። መኪናው ድረስ በዚያ ግመል ነው የሄደው።

ሐኪሞቹ እጁን አተረፉት። ትንሿ ጣትና ቀለበት ጣቱ ግን መስማት አቆሙ፤ ሌሎቹም እንደ ድሮው አይጨብጡም። ጥርስ ለሚሠራ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ መናገር አያስፈልገኝም። ክሊኒኩን ለአንድ ወጣት ሐኪም አስረከበና እሱ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚያማክር ሰው ሆነ። ካዛንቺስ ሲፈርስ ዕቃውን ወደ መስቀል ፍላወር ስናጓጉዝ መሰርሰሪያውን ራሱ አልተሸከመም፤ እኔ ነኝ ያነሳሁት።

እጁ ገና በፋሻ ሳለ አንድ ቀን መጥቶ «ካባው እንሂድ፣ በቀትር» አለኝ። ጥይቶቹን ድንጋይ ላይ ፀሐይ አስጥተን፣ ጠመንጃውን ከእንጨት ጋር አስረን፣ ከሩቅ ቆመን ቃታውን በረጅም ገመድ ስበን ተኮስን። ፍጥነት መለኪያዋ ላይ ቁጥሩ ሲወጣ ሰይፉ ለረጅም ጊዜ አየው። ታኅሣሥ ጠዋት የለካነው ጥይት አልነበረም። ቤቱ ተመልሰን የቀሩትን በሙሉ አንድ በአንድ ነቅለን ባሩዱን አፈሰስን። እሱ በግራ እጁ ይነቅላል፣ እኔ እቀበላለሁ።

ከዓመት በኋላ ኢብራሂም ጉንጩ አብጦ አዲስ አበባ መጣ። መንጋጋው ነው። ወጣቱ ሐኪም ወንበሩ ላይ አስቀመጠውና ክፈት ሲለው ኢብራሂም አፉን ገጠመ።

«እሱ ካልሆነ አልከፍትም» አለ ሰይፉን እያመለከተ።

«ኢብራሂም፣ እጄ እንደ ድሮው አይደለም» አለው ሰይፉ።

«አይቻለሁ እጅህን። ቀንዱን ይዤ ነበር እኮ።»

ወጣቱ ሐኪም እኔን አየኝ፤ እኔ መሬት አየሁ። ሰይፉ ተነስቶ ለረጅም ጊዜ እጁን ታጠበ። ጓንቱን ሲያጠልቅ ሁለቱ ጣቶች አልገባ ብለው አስቸገሩት። መንቀያውን በሦስት ጣት ነው የያዘው። ላቡ ጉንጩ ላይ ሲወርድ አየዋለሁ፤ ኢብራሂም የወንበሩን ክንድ ጨብጦ ጣራውን እያየ ነው። ሌላ ሐኪም ቶሎ የሚጨርሰው ነገር ብዙ ወሰደ። ግን ወጣ። ሙሉውን፣ ሥሩ ሳይሰበር። ሰይፉ በሳህኗ አስቀመጠውና ወደ ግድግዳው ዞረ፤ ለጥቂት ጊዜ ማናችንንም አላየም። ከዚያ ቀን በኋላ በሳምንት አንድ ሁለት በሽተኛ ይቀበላል።

አደን ተወ፤ ጥይት መሙላት ግን አልተወም። አሁን ቀስ ብሎ የሚሄድ ጥይት ነው የሚሞላልኝ። ከሩቅ መተኮስ አልጠላሁም፤ የጠላሁት ከርቀት ስለተኮስን አደጋውም ሩቅ ነው ብሎ ማሰብን ነው። አደጋው ካዛንቺስ በዚያ ብርድ ክፍል ጥይቱን ስንሞላ አጠገባችን ነበር። ደግሞ መቀባበያ ሲከብዳችሁ፣ ድምፅ ሲቀየርባችሁ፣ ለጓደኛችሁ ጮክ ብላችሁ ንገሩት። ሰይፉ ሳያፍር ነገረኝ፤ ለዚያ ነው ሁለታችንም አንድ ጥይት ብቻ እንዳለን አውቀን የገባነው። ባናውቅ ኖሮ እኔ ያቺን አንድ ጥይት ቀድሜ አባክናት ነበር።

እኔ ዛሬም አዳኝ እየመራሁ ቆላ ስወርድ፣ ሰው አደን ከመውጣቱ በፊት፣ ቀትር ሲሆን ጥይቱን ፀሐይ ላይ አቆይቼ እዚያው ቦታው ላይ አንድ እተኩሳለሁ። ቀለሁን አወጣና አየዋለሁ። ከውጭ የመጡት እንግዶች ይሄን አይወዱትም። ባለፈው ዓመት አንዱ ተቆጥቶ ድምፁን ሲሰማ አውሬው በሙሉ ይሸሻል አለኝ።

ይሽሽ አልኩት።